ሁለቱ የተኙ ሰዎች የት ሄዱ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሳውዝሃምፕተን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ቺቸስተር ከተማ ባለው ፓላንት ሃውስ ጋለሪ አንድ የሄንሪ ሙር ሥዕል አይቼ ነበር፤ በጦርነቱ ጊዜ ከመሬት በታች የተኙ ሁለት ሰዎች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ከዓይኔ አልጠፋም። ዘንድሮ እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ላሳያት ይዣት ብሄድ ቦታው ላይ ሌላ ሥዕል ተሰቅሎ አገኘሁ። ሸጠውት ይሆን? ለመሆኑ በዚህች ትንሽ ከተማ ይህን ሁሉ ሥዕል ማን ሰበሰበው? ንብረትነቱስ የማን ነው? እናቴ ከአንድ ወር በኋላ ትመለሳለች።»

ምላሽ፦ ውድ እህቴ፣ አስቀድሜ ልብዎን ላሳርፍ። ያዩት «ሁለት የተኙ ሰዎች» የሚባለው የ1941 ሥራ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ግድግዳው ላይ ስላጡት ተሸጧል ብለው አይስጉ። በወረቀት ላይ የተሠራ ነው፤ የወረቀት ሥራ ደግሞ ዓመት ከዓመት አይሰቀልም። ጥቂት ወራት ይታይና ወርዶ በጨለማ ያርፋል። እኔ የምተዳደረው በዚሁ ሙያ ነው፤ በሙዚየሞች ውስጥ በወረቀት ላይ የተሠሩ ሥዕሎችን እንከባከባለሁ። ከጎብኚ አፍ ደጋግሜ የምሰማው ቅሬታም ይኸው የእርስዎ ነው፤ «መጥቼ አጣሁት።»

ነገሩ የብርሃን ነው። በሸራ ላይ የተሠራ የዘይት ሥዕል ብርሃንን በደንብ ይችላል። ወረቀትና የውሃ ቀለም ግን አይችሉም። ለእንዲህ ያለው ሥዕል የምንፈቅደው ብርሃን 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ያህል ነው፤ ከቤት ውጭ በጠራ ፀሐይ ግን እስከ 100 ሺህ ሉክስ ሊደርስ ይችላል። ክፍሉ ውስጥ ሲገቡ «ምነው ጨለመ?» ያሰኘዎት ይህ ነው። 50 ሉክስም ቢሆን ጉዳቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፤ ብርሃን ያደረሰው ጉዳት እየተደመረ ይሄዳል፣ ተመልሶም አይጠገንም። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ቦታ፣ ለረጅም ዘመን ከመስኮት ፊት ለፊት ተሰቅሎ የኖረ የውሃ ቀለም ሥዕል ከክፈፉ አውጥቼ ነበር። ዳርና ዳሩን የሸፈነውን ካርቶን ሳነሳው፣ ከሥሩ ጣት የማይሞላ የሰማያዊ ሰማይ ቅዳጅ ብቅ አለ። ካርቶኑ ያልሸፈነው ሰማይ ሁሉ አመድ መስሏል። ሠዓሊው የቀባው ሰማይ የትኛው እንደነበር ያን ቀን ነው ያወቅነው። ከዚያ ወዲህ ሥዕል ወርዶ ወደ መሳቢያ ሲገባ አላዝንም።

የሙር ሥዕል ደግሞ ጥበቃ ይገባዋል። በ1940 መስከረም ጀርመኖች ለንደንን ሌሊት ሌሊት መደብደብ ሲጀምሩ ሕዝቡ በየምድር ባቡር ጣቢያው እየወረደ ማደር ያዘ። ሙር አንድ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ በድብደባው ምክንያት ከቤልሳይዝ ፓርክ ጣቢያ እንዳይወጣ ታገደ፤ ያኔ ነው መድረኩን ሞልተው የተኙትን ሰዎች ያያቸው። የተኛን ሰው ፊቱ ቆሞ መሳል ነውር መስሎ ስለታየው እዚያው ጥቂት ማስታወሻ ይይዝና ሥዕሉን ቤቱ ገብቶ ይሠራው ነበር። መሣሪያውም ቀላል ነበር፤ ሕፃናት የሚጠቀሙበት ርካሽ የሰም ከለር። ለአንዲት ትንሽ የዘመድ ልጅ ሲስልላት ነው አሠራሩን ያገኘው ይባላል። መጀመሪያ በሰሙ ያሰምራል፣ ከዚያ ጥቁር የውሃ ቀለም ያለብሰዋል። ውሃው ከሰሙ ላይ እየተንሸራተተ ወረቀቱ ላይ ብቻ ይቀራል። በመጨረሻ በብዕርና በቀለም የሰውነቱን ቅርጽ ያወጣዋል። ስለዚህ ሥዕሉን እንደገና ሲያገኙ ጠጋ ይበሉና የጨርቁን እጥፋትና የፊታቸውን ዙሪያ ይዩ፤ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ከሰሙ የሸሸ ቀለም ያያሉ። አፋቸውን ከፍተው የተኙት ሰዎች በሕይወት ያሉም የሞቱም የሚያስመስላቸው አንዱ ነገር ይህ ሸካራነት ነው። እናትዎን ሊያሳዩአቸው ለምን እንደጓጉ በደንብ ይገባኛል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልሂድ፤ ማን ሰበሰበው? ይህን ሥዕል ለቺቸስተር የተወው ቄስ ነበር። እኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ስታሠራ እያየን ስላደግን ነገሩ አይገርመን ይሆናል። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ግን ቤተ ክርስቲያንና የጊዜው ሠዓሊ ከተለያዩ ቆይተው ነበር። ዋልተር ሃሲ የሚባለው ይህ ቄስ በ1937 አባቱን ተክቶ በኖርዝሃምፕተን የቅዱስ ማቴዎስ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሆነ። ቤተ ክርስቲያኑ በ1943 50ኛ ዓመቱን ሲያከብር ሃሲ ሁለት ነገር አዘዘ፤ ከቤንጃሚን ብሪተን መዝሙር፣ ከሄንሪ ሙር የእመቤታችንና የልጇ የድንጋይ ሐውልት። ጦርነቱ ገና አላለቀም፤ ሙርም እንዲህ ያለ ሥራ እችላለሁ ወይ ብሎ አመንትቶ ነበር። ሐውልቱ በ1944 ሲመረቅ ብዙ ሰው ተቆጣ። ሃሲ ግን አላፈገፈገም። ሙርን ቀጥሎ ማንን ላሠራ ብሎ ሲያማክረው ግሬሃም ሰዘርላንድን ጠቆመው፤ በ1946 የሰዘርላንድ ትልቁ የስቅለት ሥዕል እዚያው ቤተ ክርስቲያን ተሰቀለ።

በ1955 ሃሲ የቺቸስተር ካቴድራል ዲን፣ ማለትም አስተዳዳሪ ሆኖ ሲሾም ልማዱን ይዞት መጣ። እስከ 1977 በቆየባቸው ዓመታት ያሠራውን ከእናትዎ ጋር ካቴድራሉን ዞር ዞር ካላችሁ አይታችሁት ይሆናል። ከመንበሩ ጀርባ እንደ እሳት የሚነደው ባለ ሰባት ክፍል የግድግዳ ምንጣፍ ጆን ፓይፐር በ1966 ያወጣው ንድፍ ነው። ቀዩ የመስታወት መስኮት የማርክ ሻጋል ነው፤ የመጨረሻውን መዝሙር፣ መዝሙር 150ን መሠረት ያደረገ ሲሆን የተመረቀው ሃሲ ጡረታ ከወጣ በኋላ በ1978 ነው። የሊዮናርድ በርንስታይን በዕብራይስጥ የሚዘመረው «የቺቸስተር መዝሙሮች»ም በ1965 በዚሁ ሰው ትእዛዝ የመጣ ነው።

እኔ ግን ከሁሉም የምወደው በመግደላዊት ማርያም የጸሎት ቦታ ያለውን የሰዘርላንድ ሥዕል ነው። በ1961 የተሠራ ነው፤ «አትንኪኝ» ይባላል። ታሪኩ ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ነው። ማርያም ጌታን የአትክልት ጠባቂ መስሏት ነበር አይደል? ሰዘርላንድ ያንን ቃል አጥብቆ ያዘና የገለባ ባርኔጣ ደፋለት። ጌታ በደረጃ ላይ ነው፤ እሷ ከሥር ተንበርክካ እጇን ትዘረጋለች፣ እሱ ደግሞ ጣቱን ወደ ላይ ይቀስራል። ሥዕሉ ትንሽ ነው፤ ከሩቅ በካቴድራሉ ግዙፍ ድንጋዮች መካከል እንደ ተለኮሰ ጧፍ ብቻ ነው የሚታየው። ሰዘርላንድ ይህን ሥዕል በሁለት ዓይነት ሠርቶት ነበር፤ አንዱ ካቴድራሉ ውስጥ ቀረ፣ ሌላው የሃሲ ሆነ። ሁለተኛው ዛሬ ያለው ፓላንት ሃውስ ነው። መንገድ ተሻግረው ሁለቱን ማነጻጸር ይችላሉ፤ እንዲህ ያለ ዕድል ለንደን ውስጥም በቀላሉ አይገኝም።

ሃሲ ሀብታም አልነበረም። ግን ሰው ገና በሚጠራጠርበት ጊዜ፣ ዋጋውም ሰማይ ሳይነካ ነው የገዛው። ንድፎችን፣ ትንንሽ ሙከራዎችን፣ ከትልቁ ሥራ በፊት የሚሠሩትን ቅጂዎች ይሰበስብ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ስብስቡን ለከተማው እንደሚተው አስታወቀ፤ አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አስቀመጠ። ሥዕሎቹ በፓላንት ሃውስ ውስጥ መታየት አለባቸው። ይህ ቤት በ1712 ገደማ ሄንሪ ፔካም የሚባል የወይን ነጋዴ በሚስቱ ገንዘብ ያሠራው ነው፤ ባልና ሚስቱ በወጪው እስከ ፍርድ ቤት ተካስሰዋል። በር ምሰሶዎቹ ላይ የቆሙትን የድንጋይ ወፎች አይተዋቸው ይሆናል። ሰጎን እንዲሆኑ ነበር የታሰበው፤ ጠራቢው ሰጎን አይቶ የሚያውቅ ግን አይመስልም፤ ከተሜው እስከ ዛሬ ዶዶ በሚባለው ከምድር በጠፋ ወፍ ስም «የዶዶው ቤት» ይለዋል። ሃሲ ይህን ሐሳብ ሲያመጣ ቤቱ የማዘጋጃ ቤት ቢሮ ሆኖ ያገለግል ነበር። ከኑዛዜው የተነሳ ቤቱ ታድሶ በ1982 ጋለሪ ሆኖ ተከፈተ። ሃሲ በ1985 ሲያርፍ ሥዕሎቹ ለቺቸስተር ወረዳ ምክር ቤት ተላለፉ። የሕዝብ ብዛቷ 30 ሺህ አካባቢ የሆነች ከተማ ጋለሪ ያገኘችው እንዲህ ነው፤ የአንድ ቄስ ኑዛዜ በር አስከፈተላት።

አንዱ ስጦታ ሌላውን ይጠራል፤ በሥራዬ ደጋግሜ ያየሁት ነው። ሰብሳቢ ሰው የሚፈራው ዕድሜውን የገፋበትን ስብስብ ሰጥቶት ምድር ቤት ተጥሎ እንዳይቀር ነው። ቀድሞ የተሰጠው በክብር መያዙን ሲያይ ልቡ ይከፈታል። በ1989 ቻርልስ ኪርሊ የሚባል የሪል እስቴትና የሆቴል ባለሀብት የራሱን ተወላቸው፤ ቤን ኒኮልሰንን የመሳሰሉ እንግሊዛውያንን ብቻ ሳይሆን የጣሊያናዊውን የጂኖ ሴቬሪኒን ሥዕልም የጨመረ ስብስብ ነው።

ትልቁ ግን በ2006 መጣ። ኮሊን ሴንት ጆን ዊልሰን የብሪትሽ ላይብረሪን ሕንፃ የነደፈ አርክቴክት ነው። ከሠዓሊዎቹ ጋር እየተወዳጀ፣ ስቱዲዮአቸው እየገባ ለአሥርተ ዓመታት ሰበሰበ። ከ400 በላይ ሥራዎችን ሰጠ። የሚያስቀምጣቸው ቦታ ስላልነበረ ለጋለሪው አዲስ ክንፍ ተሠራ፤ ነዳፊዎቹ የባለቤቱ የኤም ጄ ሎንግ ድርጅትና እሱ ራሱ ነበሩ። ለሕንፃው ገንዘብ ካዋጡት አንዱ የብሔራዊ ሎተሪው የቅርስ ፈንድ ነው። በማግስቱ ዓመት፣ በ2007፣ ጋለሪው ለሙዚየሞች የሚሰጠውን የጉልቤንኪያን ሽልማት አገኘ፤ 100 ሺህ ፓውንድ። ዊልሰን ያረፈውም በዚያው ዓመት ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ሲሄዱ ከዊልሰን ስብስብ እንዳያመልጥዎ የምፈልገው አለ። ሠዓሊው ኪታይ በ1981 «አርክቴክቶቹ» ብሎ የሳላቸው ዊልሰንና ሎንግ ራሳቸው ናቸው፤ የሠዓሊውን ቤት እንደገና ነድፈውለት ነበር። ማይክል አንድሪውስ በ1962 የሳለው የለንደኑ ሶሆ መጠጥ ቤት ውስጥ ሠዓሊው ሉሲያን ፍሮይድ ከሕዝቡ መሐል ወደ እርስዎ ያፈጣል፣ ሌላው ሠዓሊ ፍራንሲስ ቤከን ግን ጀርባውን ሰጥቷል። ፒተር ብሌክ ቢትልሶችን ከፎቶግራፍ ሲስላቸው በ1963 ጀምሮ የጨረሰው በ1968 ነው፤ ሥዕሉ ውስጥ ያሉት ግን ገና የ1962 ልጆች ናቸው። እነዚህን ሁሉ «ዘመናዊ የብሪታንያ ሥዕል» እንላቸዋለን፤ ሆኖም ፍሮይድ የተወለደው በርሊን ነው፣ ኪታይ አሜሪካ፣ እዚያው ስብስብ ውስጥ ያለው ቀራጺው ኤድዋርዶ ፓውሎዚ ደግሞ ኤዲንብራ ውስጥ ከጣሊያን ስደተኞች። ለእኛ በስደት ለምንኖረው ይህን ማወቅ ጥሩ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እናትዎም ደስ ይላቸዋል። ዊልሰን አጥብቆ ከወደዳቸው አንዱ ዊሊያም ኮልድስትሪም ነው። ኮልድስትሪም ከ1949 ጀምሮ የለንደኑን የስሌድ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ይመራ ነበር። የእኛው አፈወርቅ ተክሌ የተማረበት ትምህርት ቤት ነው። ኮልድስትሪም የሚስለውን ሰው ፊት ለፊት አስቀምጦ፣ ብሩሹን በተዘረጋ እጁ ይዞ፣ ከዓይን እስከ አገጭ፣ ከትከሻ እስከ ወንበሩ ጠርዝ እየለካ ነበር የሚሠራው። የልኬቱን ምልክት አያጠፋውም። ከሸራው አንድ ክንድ ርቀው ቆመው ይፈልጉ፤ ቆዳው ላይ፣ ልብሱ ላይ፣ ባዶው ግድግዳ ላይ፣ የጥፍር ጫፍ የሚያህሉ ሰረዞችና መስቀሎች ተበትነዋል። ልብስ ሰፊ በኖራ ያሰመረው ጨርቅ ይመስላል።

ንብረትነቱን በተመለከተ፣ ጋለሪውን የሚያስተዳድረው ራሱን የቻለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። የሃሲ ውርስ ግን፣ እርስዎ ያዩትን የሙር ሥዕል ጨምሮ፣ የወረዳው ምክር ቤት ነው፤ የሕዝብ ማለት ነው። የኪርሊና የዊልሰን ስብስቦች የመጡት በአርት ፈንድ በኩል ነው፤ ይህ በ1903 የተቋቋመ፣ ሥራዎች ወደ ሕዝብ ስብስብ እንዲገቡ የሚረዳ ማኅበር ነው።

ታዲያ ምክር ቤት ገንዘብ ሲቸግረው አይሸጥም ወይ? ፍርሃትዎ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ማንቸስተር አጠገብ ያለችው የቤሪ ከተማ ምክር ቤት በ2006 የእንግሊዛዊውን ሠዓሊ የላውሪን «የወንዝ ዳር» የሚባል ሥዕል በጨረታ ሸጧል። በ1951 የተገዛው በ175 ፓውንድ ነበር፤ ሲሸጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አወጣ። ምክንያቱ የበጀት ጉድለት ነበር። ሕጉ ሽያጩን አልከለከለውም፤ ሆኖም የሙዚየሞች ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ ስብስብን ለበጀት መሸፈኛ መሸጥን አጥብቆ ይቃወማል፤ ቤሪም ይፋዊ የሙዚየም እውቅናውን አጣ። እውቅና ማጣት የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የድጋፍ ገንዘብ ይቀራል፣ ሌሎች ሙዚየሞችም ሥዕል ለማዋስ ያመነታሉ፣ ኑዛዜ ሊጽፍ ያሰበ ሰው ብዕሩን ያስቀምጣል። እኔ እንደዚያ ያለውን ሽያጭ ልክ ነው ብዬ አላውቅም። ሰጪው የሰጠው ለምክር ቤቱ ካዝና አልነበረም፤ ገና ላልተወለደው የከተማው ልጅ ጭምር ነው። አንዴ ከወጣ ደግሞ ያ ከተማ በአዲሱ ዋጋ መልሶ አይገዛውም።

አሁን አንድ ወር ነው ያለዎት፤ ስለዚህ ዛሬውኑ ለጋለሪው ኢሜይል ይጻፉ። የሠዓሊውን ስም፣ የሥዕሉን ርዕስና 1941 ዓመቱን፣ የሃሲ ውርስ መሆኑንም ይጥቀሱ። ሁለት ነገር ይጠይቁ፤ ሥዕሉ ማከማቻ ውስጥ ነው ወይስ ለሌላ ኤግዚቢሽን በውሰት ሄዷል? የሙር የጦርነት ጊዜ ሥዕሎች ብዙ ፈላጊ ስላላቸው የሚዋሱበት ጊዜ አለ። ማከማቻ ውስጥ ከሆነ በቀጠሮ ማየት ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። ብዙ የሕዝብ ጋለሪዎች ይህን ያደርጋሉ፤ ሰው ሲጠይቃቸውም ደስ ይላቸዋል። ሠራተኛ መድበው፣ ከመሳቢያ አውጥተው፣ ጠረጴዛ ላይ ማዘጋጀት ስላለባቸው ግን ሁለት ሦስት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። እናትዎ ከአገር ቤት እንደመጡና መቼ እንደሚመለሱ ሳይሸሽጉ ይጻፉላቸው፤ በዚያ በኩል ያለነውም ሰዎች ነን። ሲሄዱ እስክሪብቶ ቦርሳዎ ውስጥ ይቅር፣ ማስታወሻ ከያዙ በእርሳስ ይሁን፤ ጃንጥላና እርጥብ ካፖርትም በር ላይ ይተዉ።

ካልተሳካ ወይም መልሱ ከዘገየ፣ በአገሪቱ የሕዝብ ስብስቦች ያሉ ሥዕሎችን በሚያሳየው የአርት ዩኬ ድረ ገጽ ላይ የሙርን ሥራዎች አብረው ይፈልጉ፤ ካቴድራሉ ግን ሁልጊዜም አለላችሁ። ጠዋት ሄዳችሁ እናትዎን ሰዘርላንድ ፊት ያቁሟቸው፣ ስለ ባርኔጣው ግን ቀድመው አይንገሯቸው።